ካርታው እዚህ፣ ቤቱ እዚያ፦ ሃምሳ ዓመት ያለፈው የቆጵሮስ የንብረት ክስ

በቆጵሮስ ደሴት ግሪክኛ ተናጋሪውም ቱርክኛ ተናጋሪውም የሚጋሩት አንድ ቃል አለ። ቱርኮቹ «ኮቻን» ይሉታል፣ ግሪኮቹ «ኮቻኒ»። እኛ «ካርታ» የምንለው ነው፦ ቤቱ ወይም መሬቱ የእከሌ ነው የሚል፣ ማህተም ያረፈበት ወረቀት። በሃይማኖት፣ በቋንቋና በታሪክ የማይስማሙ ሁለት ወገኖች ካርታን የሚጠሩት በአንድ ስም ነው።

የሚጣሉትም በእሱ ነው።

ዛሬ በደቡብ ቆጵሮስ ብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ እንዲህ ያለ የደበዘዘ ወረቀት አለ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቤት ሩቅ አይደለም። ከዋና ከተማዋ ከኒኮሲያ ተነስቶ በመኪና አንድ ሰዓት እንኳ የማይሞላ መንገድ ሊሆን ይችላል። ግን ሌላ ሰው ይኖርበታል፤ ወይም ፈርሶ የመዋኛ ገንዳ ያለው አፓርታማ ተሠርቶበታል። የእኛ ሰው ቢሆን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብሎ ይተርትና ይተወው ነበር። እነሱ ግን ከሰሱ። ክሱም የአውሮፓን ሕግ እስከመቀየር ደረሰ። (ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የጀመረው በ1974 ነው ይባላል። ሙሉ እውነት አይደለም። ቆጵሮስ በ1960 ከእንግሊዝ ነጻ ስትወጣ ሕገ መንግሥቱ ሥልጣኑን ለሁለቱ ማኅበረሰቦች አከፋፍሎ ነበር። ሦስት ዓመት ብዙም ሳያልፍ፣ በታኅሣሥ 1963 ግጭት ተነሳ። ያኔ መጀመሪያ ከቤታቸው የተፈናቀሉት በአብዛኛው ቱርክ ቆጵሮሳውያን ነበሩ፤ ወደ 25 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በታጠሩ ሰፈሮች ተጨናንቀው ለዓመታት ኖሩ። ይህን ደቡብ ውስጥ ብዙ ሰው ማንሳት አይወድም። ሰሜን ውስጥ ደግሞ ከዚህ ሌላ የሚያነሳ አይገኝም።

ሐምሌ 15 ቀን 1974 በአቴንስ ወታደራዊ መንግሥት የተደገፈ መፈንቅለ መንግሥት ተደረገ። ዓላማው ደሴቲቱን ከግሪክ ጋር ማዋሃድ ነበር። በአምስተኛው ቀን የቱርክ ጦር በሰሜን በኩል ገባ። ነሐሴ ላይ ሁለተኛው ዙር ዘመቻ ሲያበቃ ከደሴቲቱ ከሲሶ በላይ የሚሆነው መሬት በቱርክ ጦር እጅ ነበር። ከ160 ሺህ በላይ ግሪክ ቆጵሮሳውያን ወደ ደቡብ ሸሹ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ቱርክ ቆጵሮሳውያንም ወደ ሰሜን ሄዱ። የመላው ደሴት ሕዝብ ያኔ አንድ ሚሊዮን እንኳ አይሞላም ነበር።

በበጋ የወጣ ሰው በበጋ ልብሱ ነው የሚወጣው። ብዙዎቹ በሩን ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። በሳምንት የሚመለሱ መስሏቸው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የቃል ነገር አለ። እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን «ስደተኛ» ይላሉ፤ ሕጉ ግን እንደዚያ አይላቸውም። ከአንዱ የቆጵሮስ ክፍል ወደ ሌላው ነው የሄዱት፤ ዓለም የሚያውቀውን የአገር ድንበር አልተሻገሩም። በእኛም አገር በደንብ በምናውቀው ቃል ተፈናቃይ ናቸው። «ስደተኛ» ካሉ ግን ሌላ አገር አለ ማለት ይሆናል። ሰሜኑ በ1983 ነጻ መንግሥት ነኝ ብሎ ሲያውጅ ከቱርክ በቀር እውቅና የሰጠው አገር የለም፤ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤትም አዋጁን ውድቅ አድርጎታል። ለወሬ «ስደተኛ»፣ ለክስ «ተፈናቃይ»።

ባዶ የቀሩት ቤቶች ባዶ ሆነው አልቀሩም። በሰሜን፣ ከደቡብ ተፈናቅሎ የመጣ ቱርክ ቆጵሮሳዊ እዚያ የተወውን ንብረት ለአስተዳደሩ ያስረክብና በምትኩ ግምቱ ተመጣጣኝ የሆነ የግሪክ ቤት ወይም እርሻ ይሰጠው ነበር። ይህን «ኤሽደኤር» ይሉታል፤ «ተመጣጣኝ» ማለት ነው። ከቱርክ ለመጡ ሰፋሪዎችና ለቀድሞ ተዋጊዎች በምደባ የተሰጠም አለ። በ1985 የወጣው የሰሜኑ ሕገ መንግሥት ደግሞ ባለቤቱ ጥሎት የሄደ ነው የተባለውን ንብረት በአስተዳደሩ ስም አደረገው። ለዚህ ነው ዛሬ ሰሜን ውስጥ ቤት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ «ኮቻኑ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው። ከ1974 በፊት በቱርክ ስም የነበረ ካርታ ውድ ነው። የተቀረው ረከስ ይላል። ዋጋው ራሱ ሁሉም ሰው እውነቱን እንደሚያውቅ ይመሰክራል።

ይህን ሁሉ ወደ ፍርድ ቤት የጎተተችው ቲቲና ሎይዚዱ የምትባል ሴት ናት።

ሎይዚዱ ያደገችው በሰሜን ጠረፍ ባለችው የወደብ ከተማ በኪሬኒያ ነው። በ1972 አግብታ ኒኮሲያ ገባች። ኪሬኒያ ውስጥ መሬት ነበራት። በአንደኛው ቦታ ላይ አፓርታማ ማሠራት ተጀምሮ ነበር፤ አንዱ ክፍል ለራሷና ለቤተሰቧ ነበር የታሰበው። ጦሩ ሲገባ ግንባታው እዚያው ቆመ። በመጋቢት 1989 የተፈናቀሉ ሴቶች ወደ ቤታችን እንሄዳለን ብለው የእግር ጉዞ ሲያደርጉ እሷም ነበረችበት። ሊምቢያ በምትባል መንደር አጠገብ ደቡቡንና ሰሜኑን የሚለየውን መስመር ተሻገሩ። የሰሜኑ ፖሊስ ያዛቸው፤ ከአስር ሰዓት በላይ ታስራ እኩለ ሌሊት ገደማ ተለቀቀች። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ አቤቱታዋን ስትራስቡርግ ላለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ላከች።

የከሰሰችው ቱርክን ነው። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ሰሜኑን ብትከስ ዓለም የማያውቀውን መንግሥት መክሰስ ይሆናል። ቆጵሮስን እንዳትከስ ቤቱን የወሰደባት ቆጵሮስ አይደለችም። ቱርክ ደግሞ በ1987 ግለሰቦች በቀጥታ አቤት እንዲሉባት ፈቅዳ ነበር። ቱርክ «እኔን አይመለከተኝም፤ እዚያ ያለው ሌላ መንግሥት ነው» አለች። ፍርድ ቤቱ በታኅሣሥ 1996 በ11 ለ6 ድምፅ የሰጠው መልስ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ እዚያ ያለው ጦር የማን ነው? ያንተ። እንግዲያው ተጠያቂውም አንተ ነህ። ሰሜኑ ንብረቷን በሕገ መንግሥት ወረስኩ ማለቱም ባለቤትነቷን አላጠፋውም። ካርታው የእሷ ነው።

በሐምሌ 1998 የካሳው ውሳኔ መጣ። 300 ሺህ የቆጵሮስ ፓውንድ ለደረሰባት ኪሳራ፣ 20 ሺህ ለሞራል ጉዳት፣ የክስ ወጪዋ ደግሞ ለብቻ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ መሬቷ የተሸጠ ይመስለዋል። ገንዘቡ የመሬቷ ዋጋ አልነበረም። ባለቤትነቷ ካልጠፋ ዋጋ የሚከፈልበት ምክንያት የለም። የተከፈላት በንብረቷ ሳትጠቀም ለቀረችባቸው ዓመታት ነው፤ በእኛ አነጋገር የኪራይ ገንዘብ። መሬቱ ከካሳውም በኋላ የእሷ ነው። ይህ ለቱርክ ከገንዘቡ በላይ የሚያስጨንቅ ነገር ነበር፤ ኪራይ በየዓመቱ ይመጣልና።

ቱርክ አልከፍልም ብላ ዓመታት ቆየች። በታኅሣሥ 2003 ግን ከነወለዱ ከአንድ ሚሊዮን ዩሮ በላይ ከፈለች። ያኔ አንካራ የአውሮፓ ኅብረትን በር እያንኳኳች ነበር። ፍርድ አንድ ነገር ነው፣ አፈጻጸም ሌላ። ፍርድ ቤት የዞረ ኢትዮጵያዊ ይህን ማንም እንዲነግረው አያስፈልገውም።

የሎይዚዱ ፍርድ ሲሰማ በሺህ የሚቆጠር ሰው ካርታውን ከመሳቢያ አወጣ። ከአንድ ሺህ በላይ መዝገብ ስትራስቡርግ ላይ ተቆለለ። ፍርድ ቤቱ ተጨነቀ። በ2005 ሌላ ተፈናቃይ ሴት ባቀረበችው ክስ ላይ ለቱርክ፦ ለዚህ ሁሉ ሰው እዚያው መፍትሔ የሚሰጥ አካል አቋቁሚ አላት። ሰሜኑ ሕግ አወጣ፤ በ2006 የማይንቀሳቀስ ንብረት ኮሚሽን ሥራ ጀመረ። ተፈናቃዩ እዚያ ሄዶ ከሦስቱ አንዱን ይጠይቃል፦ ንብረቴ ይመለስልኝ፣ በደቡብ ባለ የቱርክ ንብረት ይለወጥልኝ፣ ወይም ካሳ ይከፈለኝ።

ደቡብ ውስጥ ቁጣው ከባድ ነበር። ቤቴን የወሰደው አካል ባቋቋመው ኮሚሽን ፊት ቆሜ አቤት ልበል? አባቱ ዳኛ፣ ልጁ ቀማኛ። ለዚህ ወቀሳ የተሰጠው መልስ የውጭ አገር አባላት መጨመርና በተፈናቃይ ንብረት የሚጠቀም ሰው አባል እንዳይሆን መከልከል ነበር። በማርች 2010 የስትራስቡርጉ ታላቁ ችሎት ኮሚሽኑ በቂ ነው አለ። ከእንግዲህ እዚያ ሳትሄዱ እኔ ዘንድ አትምጡ። የተቆለለው መዝገብ ባንድ ቀን ተዘጋ ማለት ይቻላል።

የዚያ ውሳኔ ሐሳብ ደጋግሞ ሊነበብ የሚገባው ነው። ችሎቱ የተናገረውን በራሴ አነጋገር ልበለው። ከተፈናቀላችሁ ሠላሳ አምስት ዓመት ሆኗል። እዚያ ቤት ውስጥ ሌላ ትውልድ ተወልዶ አድጓል። ከእናንተም አንዳንዶቹ ስትወጡ ሕፃናት ነበራችሁ። የወረቀት ባለቤትነታችሁን አልካድኩም፤ ግን የሚኖርበትን ሰው ሁሉ አስወጥቼ ለእናንተ ላስረክብ ብል አንዱን በደል በሌላ በደል መካስ ይሆናል። በ1996 «ካርታው ያንቺ ነው፣ አለቀ» ያለው ፍርድ ቤት በ2010 «ካርታው ያንተ ነው፣ ግን ጊዜው ሄዷል» አለ።

የሕግ ሰዎች ይርጋ የሚሉት ነገር አለ። መብትህን በጊዜው ካልጠየቅህ ጊዜ ይወስደዋል። እነዚህ ሰዎች ግን በጊዜው ጠይቀዋል። እንዳይገቡ የከለከላቸው ወታደር ነው። ይርጋ ሳይባል ይርጋ ተቆጠረባቸው። እኔ ፍርድ ቤቱን ጨርሶ መውቀስ ይከብደኛል። እዚያ ቤት ውስጥ ያለው የሃምሳ ዓመት አዛውንትም ሌላ ቤት አያውቅም፤ አባቱ ደቡብ ያለውን ቤቱን ጥሎ የመጣ ሊሆን ይችላል። ግን ነገሩን አስቡት። ወራሪው እስከቻለ ይቆይ፣ ጊዜ የቀረውን ይሠራለታል የሚል ትምህርት የሚወስድ መንግሥት ቢኖር ከዚህ ውሳኔ ነው የሚወስደው።

ውሳኔው ውስጥ ብዙም የማይጠቀስ አንድ ሐሳብ ደግሞ አለ። ኮሚሽኑ ዘንድ ሂዱ ብዬ አላስገድድም፤ ካልፈለጋችሁ ፖለቲካዊ መፍትሔ እስኪመጣ መጠበቅ ትችላላችሁ ይላል። ምርጫ የሌለው ምርጫ ሊመስል ይችላል። ብዙ ሰው ግን የመረጠው እሱን ነው።

የእኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። አክዓብ ንጉሡ ናቡቴን የወይን እርሻህን ስጠኝ፣ የተሻለ እርሻ ወይም የፈለግኸውን ብር ልስጥህ ብሎት ነበር። ለውጥና ካሳ፣ ልክ እንደ ኮሚሽኑ። ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሰጥም አለ። «ርስት» የሚለውን ቃል ለሚያውቅ ሰው የግሪክ ቆጵሮሳዊው እምቢታ ግትርነት ብቻ አይሆንበትም። በሌላ በኩል በርናባስም የቆጵሮስ ሰው ነበር። የሐዋርያት ሥራ እንደሚለው መሬቱን ሸጦ ገንዘቡን በሐዋርያት እግር ሥር አስቀመጠ። በስሙ የተሠራው ገዳም ዛሬ የቆመው በሰሜኑ ክፍል፣ በፋማጉስታ አጠገብ ነው።

ኮሚሽኑ እስካሁን ከ7 ሺህ በላይ ማመልከቻ ተቀብሏል። ከ400 ሚሊዮን የእንግሊዝ ፓውንድ በላይ ካሳ እንዲከፈል ወስኗል። ንብረቱ በእጁ የተመለሰለት ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። የተወሰነላቸው ሰዎችም ገንዘቡ እጃቸው እስኪገባ ዓመታት ይጠብቃሉ። በ2017 ስትራስቡርግ አንዲት አመልካች ከአክስቷ ባገኘችው መሬት ጉዳይ ኮሚሽኑ ለዓመታት ማጓተቱን አይቶ መብቷ ተጥሷል ብሏል። ውሃ ቅዳ፣ ውሃ መልስ።

ታዲያ ወደ ኮሚሽኑ የሚሄደው ማን ነው? ዕዳ ያለበት፣ ልጅ የሚያስተምር፣ በ2013 የቆጵሮስ ባንኮች ሲንኮታኮቱ የተጎዳ፣ ያረጀ። ደቡብ ውስጥ ፊት ለፊት ባይወገዙም ጎረቤት ያማቸዋል። አገር ሸጡ ይባላሉ። እኔ ግን ሰማንያ ዓመት የሞላትን አሮጊት «ካርታሽን ይዘሽ ሙቺ» ለማለት አፌ አይደፍርም።

ሎይዚዱ ያልሄደችበት ሌላ መንገድም አለ። ሜሌቲስ አፖስቶሊዲስ አርክቴክት ነው። ቤተሰቡ ላፒቶስ ከምትባል የሰሜን ከተማ የተፈናቀለ ነው። በሚያዝያ 2003 መሻገሪያው ድንገት ሲከፈት በሺህ የሚቆጠር ሰው በሰልፍ ቆሞ ሠላሳ ዓመት ገደማ ያላየውን ቤት ሊያይ ሄደ። አንዳንዱ የገዛ ቤቱን በር አንኳኳ፤ ከፍተው ቡና ያፈሉለት አሉ። አንዳንዱ ደግሞ የራሴን ቤት ለማየት ፓስፖርት አላሳይም ብሎ እስከዛሬ አልተሻገረም። አፖስቶሊዲስ ተሻገረ። በቤተሰቡ መሬት ላይ የአንድ እንግሊዛዊ ባልና ሚስት ቪላ ከነመዋኛ ገንዳው ቆሞ አገኘው። ኦራምስ ይባላሉ። ቦታውን የገዙት ከሰሜን ነው።

ኒኮሲያ ፍርድ ቤት ከሰሳቸው። መጥሪያውን ይዞ የመጣው ሰው ቪላው ድረስ ሄዶ ለሚስትየዋ ሰጣት። በግሪክኛ የተጻፈ ነው፤ ማንበብ አትችልም። ለመቅረብ የተሰጣቸው ጊዜ የቀናት ነበር። ነገሩን የሚያስረዳቸው ጠበቃ ፍለጋ ሲሯሯጡ ቀኑ አለፈና በሌሉበት ተፈረደ፦ ቪላውን አፍርሱ፣ ገንዳውን አፍርሱ፣ አጥሩን አፍርሱ፣ መሬቱን አስረክቡ፣ ካሳ ክፈሉ። ኅዳር 2004 ነበር።

የኒኮሲያ ፍርድ ቤት ፍርድ አስፈጻሚ ወደ ሰሜን መላክ አይችልም። የቆጵሮስ መንግሥት ሥልጣን መስመሩ ላይ ያበቃል። ግን ቆጵሮስ በዚያው ዓመት የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆናለች። በኅብረቱ ደንብ የአንዱ አገር ፍርድ በሌላው አገር ይፈጸማል። ኦራምስ እንግሊዝ ውስጥ ሌላ ቤት አላቸው። ገባችሁ? ቪላውን ማፍረስ ባይቻል እንግሊዝ ባለው ቤታቸው ይመጣባቸዋል። የለንደኑ ዳኛ በመጀመሪያ አይሆንም አለ (የኦራምስ ጠበቃ የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ሚስት ሼሪ ብሌር መሆኗ ወሬውን አጣፍጦት ነበር)። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ግን በሚያዝያ 2009፦ መሬቱ መንግሥት በማይቆጣጠረው ክፍል ቢሆንም ፍርዱ ፍርድ ነው፣ ይፈጸም አለ። በጃንዋሪ 2010 የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ተቀበለው። ከስትራስቡርጉ ታላቅ ችሎት ውሳኔ ሁለት ወር እንኳ አይቀድምም። በአንድ ሰሞን አንዱ ፍርድ ቤት በር ሲከፍት ሌላው ዘጋ። እንግሊዝ ከኅብረቱ ከወጣች ወዲህ ያ የለንደን መንገድ ለአዲስ ከሳሽ እንደ ድሮው ቀና አይደለም።

ስለ ደቡቡም እናውራ፤ ፍትሕ ሁለት ዓይን አላትና። ደቡብ የቀሩት የቱርክ ቆጵሮሳውያን ቤቶችና እርሻዎች ከ1991 ጀምሮ በሕግ በአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ጠባቂነት ሥር ናቸው። ባለቤትነቱ አልተወሰደም፤ ንብረቱ ግን «ችግሩ እስኪፈታ» በአደራ ተይዟል፣ አብዛኛውም ለተፈናቀሉ ግሪኮች ተሰጥቷል። የላርናካ አውሮፕላን ማረፊያ ከፊሉ ያረፈው በቱርክ ቆጵሮሳውያን መሬት ላይ ነው። በ2004 አንድ ቱርክ ቆጵሮሳዊ ተመልሼ ደቡብ እኖራለሁ ብሎ ኤፒስኮፒ ያለውን ቤቱን በፍርድ ቤት አሸነፈ። ቤቱ ውስጥ ግን የተፈናቀለ ግሪክ ይኖርበት ነበር። ሌላዋ ጉዳዩን ስትራስቡርግ አድርሳው መንግሥት በ2010 በስምምነት ጨረሰ፤ ሕጉም ተሻሻለ። ደቡቡ «እኛ አደራ ነው የያዝነው፣ እነሱ ዘረፉ» ይላል። በሕግ ልዩነቱ እውነት ነው። ቤቱን ላጣው ሰው ግን አደራውም ሃምሳ ዓመት ሞልቶታል።

ከዚህ ጉዳይ ጋር እኛም የሚያገናኘን ነገር አለን። ከ1998 እስከ 2000 በነበረው የኢትዮ ኤርትራ ጦርነት በሁለቱም በኩል ሰው ከቤቱ ተነቅሎ ተባሯል፣ ንብረቱን ጥሎ ሄዷል። የአልጀርሱ ስምምነት የካሳ ኮሚሽን አቋቋመ፤ ሄግ ተቀምጦ ሠርቶ በ2009 ለኢትዮጵያ ወደ 174 ሚሊዮን፣ ለኤርትራ ወደ 163 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ። እዚያ የተከራከሩት ግን ሁለቱ መንግሥታት ናቸው። ሎይዚዱ ያገኘችው ዕድል፣ ካርታዋን ይዛ በራሷ ስም አንድን መንግሥት መክሰስ፣ ለአስመራና ለአዲስ አበባ ተባራሪ አልነበረም። ኢትዮጵያ ዛሬም የአፍሪካ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት የተቋቋመበትን ፕሮቶኮል አላጸደቀችም። እኛ ስለ ርስት ስንተርት እነሱ ዳኛ ነበራቸው።

ቆጵሮስ ላይ ነገሩ አሁን እንደገና የጋለው በፖሊስ ነው። በሰሜኑ ክፍል ጠረፍ፣ በተለይ በትሪኮሞ አካባቢ ግንባታው ጦፏል። ቱርኮቹ ቦታውን ኢስኬሌ ይሉታል። ገዢው ሩሲያዊ፣ እስራኤላዊ፣ እንግሊዛዊ፣ ኢራናዊ ነው። ደቡቡ ደግሞ ከ2006 ጀምሮ የሌላን ሰው ንብረት መሸጥ፣ መግዛት ወይም ማሻሻጥ እስከ ሰባት ዓመት የሚያስቀጣ ወንጀል ያደረገ ሕግ አለው። ለዓመታት ወረቀት ሆኖ ቆይቶ ነበር። በ2024 ግን ሰሜን ውስጥ ብዙ የገነባ አንድ እስራኤላዊ ባለሀብት ወደ ደቡብ ሲሻገር ተያዘ፤ በ2025 ጥፋቱን አምኖ አምስት ዓመት ተፈረደበት። በዚያው ዓመት ሁለት የሃንጋሪ ሴቶች እንዲህ ያለ ንብረት በማስተዋወቃቸው ታሰሩ። በሐምሌ 2025 ሰሜኑ አምስት ግሪክ ቆጵሮሳውያንን አሰረ። ደቡቡ አጸፋ ነው አለ።

እስራኤል ወይም አውሮፓ ለምትኖሩ ወገኖች አንድ ነገር ሹክ ልበላችሁ። «ባሕር ዳር፣ በርካሽ፣ በረጅም ጊዜ ክፍያ» የሚል የሰሜን ቆጵሮስ ማስታወቂያ ፌስቡክ ላይ ካያችሁ ኮቻኑ የማን እንደነበር ሳትጠይቁ ቀብድ አትክፈሉ። ያንን አፓርታማ የገዛ ሰው ላርናካ ሲያርፍ ፖሊስ ሊጠብቀው ይችላል።

ወንጀል ማድረጉ ግን ቤት አይመልስም። ሻጭን ያስፈራል እንጂ ባለቤቱን በሩ ድረስ አያደርስም። ፖለቲካው ደግሞ ቆሟል። በ2004 የተባበሩት መንግሥታት ዕቅድ ለሕዝበ ውሳኔ ሲቀርብ ሰሜኑ 65 በመቶ እሺ፣ ደቡቡ 76 በመቶ እምቢ አለ፤ ለእምቢታው ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የንብረት ጉዳይ ነበር። በ2017 ስዊዘርላንድ ላይ የተደረገው ድርድርም ያለ ፍሬ ተበተነ። በጥቅምት 2025 ሰሜኑ የመረጠው መሪ ቱፋን ኤርሁርማን የሕግ ምሁር ነው፤ ድርድሩ እንዲቀጥል ይፈልጋል።

እስከዚያ ድረስ ወረቀቱ ሥራውን አላቆመም። ደቡብ ኒኮሲያ ያለው የመሬት መዝገብ ቤት የሰሜኑን መሬት ሁሉ በ1974 በነበረው ስም ነው ይዞ ያለው። ባለቤቱ ሲሞት ልጆቹ ሄደው ስም ያዛውራሉ። የማይገቡበትን እርሻ ይወርሳሉ። አያት አንድ ካርታ ነበራት። አራት ልጆቿ ተካፈሉት፤ ከዚያ የልጅ ልጆች። አንዱ ለንደን፣ አንዷ ሊማሶል፣ አንዱ አውስትራሊያ ነው። አሁን የአንድ የሎሚ አትክልት ቦታ ባለቤት አስራ ሁለት ሰው ሊሆን ይችላል። ኮሚሽኑ ዘንድ ለመሄድ አንዱ ይፈርማል፣ ሌላዋ ወንድሜ አይደለህም ትለዋለች። ሰሜን ደግሞ የሎሚው ቦታ ላይ የሚኖሩት ሰዎች የአባታቸውን ካርታ ያወጣሉ፤ ደቡብ ባለችው ፓፎስ ውስጥ ያለ፣ የወይን ተክል ያለበት፣ ሌላ ሰው የሚኖርበት ቤት ካርታ።